ድንጉጥ ወፍን ለማልመድ የትኛው መንገድ ይሻላል?

እጃችሁን ወደ ኬጁ ባስጠጋችሁ ቁጥር ወፋችሁ ከጥግ ጥግ እየተላተመች የምትበር ከሆነ ምክር አይቸግራችሁም። አንዱ «ዝም ብላችሁ ተዉአት፣ ራሷ ትለምዳለች» ይላል። ሌላው «በፎጣ ያዟትና እጃችሁ ላይ አቆዩአት» ይላል። «ክንፏን አስቆርጡ» የሚልም አለ። «በምግብ አባብሏት» የሚልም አይጠፋም።

እያንዳንዱ መንገድ የሠራለት ሰው አለ። ውጤታቸው ግን አንድ አይደለም። ሁለት ወፎች የሰው እጅ ላይ ጸጥ ብለው ተቀምጠው ልናይ እንችላለን። አንዷ ፈልጋ የመጣች ናት። ሌላዋ መሄጃ ያጣች ናት። መንገዶቹን የምመዝነው በዚህ ልዩነት ነው።

ምርጫዬን ከወዲሁ ልናገር። ለአብዛኛው ድንጉጥ ወፍ የምመክረው መጀመሪያ ርቀት ጠብቆ አብሮ መቀመጥን፣ ቀጥሎ በእጅ መመገብን፣ ከዚያ ዘንግ ማስነካትን ነው። በግድ ይዞ ማልመድን አልመክርም። ክንፍ መቁረጥንም ለዚህ ዓላማ አልመክርም። ግን ወፍ ሁሉ አንድ ስላልሆነ ከወፏ እንጀምር።

ወፏ ምን ዓይነት ናት? ከየትስ መጣች?

ባጂ፣ ኮካቲየል፣ ላቭበርድ፣ ኮኑር፣ የአፍሪካ ግራጫ በቀቀን፣ ሁሉም የበቀቀን ወገን ናቸው። በተፈጥሯቸው ከመሰሎቻቸው ጋር የሚውሉ ናቸው፤ ሰውንም እንደ ጓደኛ ሊቀበሉ ይችላሉ። ካናሪና ፊንች የሚባሉት ትንንሽ ወፎች ግን ሌላ ናቸው። አብዛኞቹ እጅ አይወዱም፤ መነካትም ደስታ አይሰጣቸውም። ለእነሱ ግባችሁን ቀይሩት። ሰው በአጠገባቸው ሲያልፍ ሳይደነግጡ ከበሉና ካዜሙ ሥራችሁ ተሳክቷል። ጣቴ ላይ ካላስቀመጥኩ ብሎ ፊንችን ማስጨነቅ ለማንም አይጠቅምም።

በበቀቀኖቹ መካከልም ልዩነት አለ። ኮካቲየል አብዛኛውን ጊዜ ገር ናት። ባጂ ትንሽ ስለሆነች ቶሎ ትበረግጋለች፤ ግን ፈጣን ተማሪ ናት። ላቭበርድ ቤቷን አጥብቃ ትጠብቃለች፤ ኬጁ ውስጥ የገባ እጅ ንክሻ ሊቀምስ ይችላል። ግራጫዋ በቀቀን ደግሞ አዲስ ዕቃ ስታይ ትረበሻለች። አዲስ መጋረጃ ወይም ቦታው የተቀየረ ወንበር እንኳ ቀኑን ሙሉ ሊያስጨንቃት ይችላል።

አስተዳደጓም ብዙ ይወስናል። ከጫጩትነቷ በሰው እጅ የተመገበች ወፍ እጅን አትፈራም። ከእሷ ጋር ሥራው የነበረውን እምነት አለማበላሸት ነው። በወላጆቿ ያደገች ወፍ እጅን አታውቀውም፤ ትፈራዋለች፣ ግን ቂም የላትም። ሦስተኛዋ ከሌላ ቤት የመጣችና እጅ ክፉ ያደረገባት ናት። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ እሷ የምትሸሸው እናንተን ሳይሆን ያለፈውን እጅ ነው። ለእሷ የሚያስፈልጋት ጊዜ ከሌሎቹ እጅግ ይረዝማል።

አንድ ነገር ከሁሉ በፊት አጣሩ። ጤነኛ ናት? ወፎች ሕመማቸውን ይደብቃሉ። ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከኬጁ ወለል ላይ የምትቀመጥ ወፍ ለማዳ አልሆነችም፤ ታማ ሊሆን ይችላል። በምትተነፍስበት ጊዜ ጭራዋ ከፍ ዝቅ ካለ፣ ኩሷ ከተለወጠ ወይም መብላት ካቆመች ማልመዱ ይቆየን፤ ወደ እንስሳት ሐኪም ሂዱ። በተለይ ትናንት ስትሸሽ የነበረች ወፍ ዛሬ በድንገት እጅ ላይ ፈዛ ከተቀመጠች አትደሰቱ። ደስ የሚል ለውጥ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው።

ፍርሃቷን ማንበብ

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ ይህን ካላወቃችሁ አይሠራም። ወፍ የሚታደን ፍጡር ናት። ዓይኖቿ በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያዋን ከሞላ ጎደል ታያለች። እኛ ግን እንደ ድመትና እንደ ጭልፊት ሁለት ዓይኖቻችንን ወደፊት ተክለን በቀጥታ እንመጣባታለን። በዚያ ላይ እጃችንን ከላይ እናወርዳለን። ከላይ የሚወርድ ነገር ለወፍ ጭልፊት ነው። ስለዚህ በጎን ቅረቡ፣ እጃችሁን ከደረቷ ዝቅ አድርጉ፣ ዓይናችሁን ሌላ ቦታ አሳርፉ። ይህ ብቻውን ብዙ ይቀይራል።

የፈራች ወፍ ላባዋን ከሰውነቷ ጋር አጣብቃ ትቀጥናለች። አንገቷን ታስረዝማለች። ክንፎቿን ከጎኗ ትንሽ ታርቃለች፤ ለመብረር ዝግጁ ናት ማለት ነው። ምንቃሯን ከፍታ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች። ወይም ደግሞ ድርቅ ብላ ትቀራለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ በመጨረሻው ነው፤ መድረቋን መረጋጋት ይመስለዋል። በኮካቲየል ቁንጮዋ ይነግራችኋል። ቀጥ ብሎ ከቆመ ደንግጣለች። ከአናቷ ጋር ከተጣበቀና እንደ እባብ ካፏጨች በጣም ፈርታለች ወይም ተቆጥታለች። ዘና ስትል ግማሽ ያህል ወደኋላ ያርፋል።

የተረጋጋች ወፍ አንድ እግሯን ላባዋ ውስጥ ትሸጉጣለች። ላባዋን ታስተካክላለች። አንድ ክንፏንና በዚያው በኩል ያለውን እግሯን አብራ ትዘረጋለች። ምንቃሯን ቀስ ብላ ታፋጫለች። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን እናንተ እያላችሁ መብላቷ ነው። የፈራ አይበላም። ከዚህ በኋላ የምላችሁ ሁሉ በዚህ መለኪያ ላይ የቆመ ነው።

አብሮ መቀመጥ

ይህ «ተዉአት» ከሚለው ምክር ጋር ይመሳሰላል፤ ግን አንድ አይደለም። መተው ማለት ክፍሉን ዘግቶ መሄድ ነው። አብሮ መቀመጥ ሥራ ነው።

ኬጁ አንድ ጎኑ ግድግዳ ይጠጋ፤ በአራቱም በኩል የተጋለጠች ወፍ አታርፍም። ከፍታው በደረታችሁ ልክ ይሁን። ሰው የሚውልበት ክፍል ይሁን፣ ወጥ ቤት ግን አይሁን። እንደ ቴፍሎን ያለ የማያጣብቅ ሽፋን ያለው መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል።

የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ምግብና ውሃ ከመስጠት በቀር ምንም አትሞክሩ። ከዚያ መስመሩን ፈልጉ። ወደ ኬጁ እየቀረባችሁ ስትሄዱ መብላቷን የምታቆምበት ቦታ አለ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደኋላ ወንበራችሁን አስቀምጡ። በጎን ተቀመጡ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ የሆነ ነገር አንብቡላት። ስትለምደው ወንበሩን ትንሽ አስጠጉ። መብላት ካቆመች ቸኩላችኋል፤ መልሱት።

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም ጉዳት የሌለው መሆኑ ነው። ክህሎት አይጠይቅም። በእጅ ለተጎዳች ወፍ ሌላ መጀመሪያ የላትም። ድክመቱ ደግሞ በግማሽ መንገድ መቆሙ ነው። ወፏ የምትማረው «ይህ ሰው አይጎዳኝም» የሚለውን ነው። «ይህ ሰው ይጠቅመኛል» የሚለውን አይደለም። ስለዚህ ለዓመታት አብራችሁ ኖራ አንድም ቀን የማትጠጋችሁ ወፍ ልትኖር ትችላለች። ለካናሪና ለፊንች ይህ ይበቃል። ለበቀቀን ወገኖች ግን መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

በእጅ መመገብ

መጀመሪያ የምትወደውን እወቁ። ብዙ ዓይነት ነገር በአንድ ሳህን አድርጉና የቱን ቀድማ እንደምታነሳ ተመልከቱ። ለባጂና ለኮካቲየል ከዘለላው ያልተፈለፈለ ሚሌት (ትንንሽ ክብ ፍሬ ያለው እህል) ብዙ ጊዜ አይሳነውም። ለትልልቆቹ የሱፍ አበባ ፍሬ ወይም ቁራጭ ለውዝ ይሆናል፤ ቅባታቸው ብዙ ስለሆነ በጥቂቱ። አቮካዶ፣ ቸኮሌት፣ ቡና፣ አልኮልና ጨው የበዛበት ነገር በፍጹም አይሰጥም። የምትወደው ነገር ሲታወቅ ከዕለት ሳህኗ አውጡት። ከእንግዲህ የሚገኘው ከእጃችሁ ብቻ ነው።

ይህ ማለት አስርቧት ማለት አይደለም። እንዲህ የሚመክሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ። የትንንሽ ወፎች ሰውነት ምግብ የሚያቃጥለው በፍጥነት ነው። ጾም ቶሎ ይጎዳቸዋል። ከመመገቢያ ሰዓቷ ጥቂት ቀደም ብሎ መሥራት ይበቃል።

አጀማመሩ ከኬጁ ውጭ ነው። በሽቦው መካከል ትሰጧታላችሁ። ስትለምድ በሩን ትከፍታላችሁ። ረጅም የሚሌት ዘለላ እዚህ ላይ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ጫፉን ይዛችሁ ከእጃችሁ የራቀውን ትበላለች። በየጊዜው ወደ መካከሉ ጠጋ አድርጋችሁ ትይዙታላችሁ።

አንድ ቅጽበት አለ፤ ልብ በሉት። እግሮቿ እዚያው እንጨቱ ላይ ተጣብቀዋል። ሰውነቷ ወደኋላ ነው። አንገቷ ብቻ ተስቦ፣ እስከ መጨረሻው ቀጥኖ፣ ምንቃሯ ወደ ፍሬው ይደርሳል። አንድ ፍሬ ትነጥቅና ትመለሳለች። በዚህ ጊዜ እጃችን «ትንሽ ላግዛት» ብሎ ወደፊት መሄድ ያምረዋል። አታድርጉት። እጃችሁ የድንጋይ ያህል ይርጋ። ርቀቱን የምታሳጥረው እሷ ናት። እግሯን አንዴ ስታነሳ፣ ያ እርምጃ የራሷ ውሳኔ ነውና ዋጋው ትልቅ ነው። ከዚያ እሷ ሳትሸሽ እናንተ ቀድማችሁ እጃችሁን አውጡ። ያስፈራት እጅ በራሱ ፈቃድ ሲሄድ ስታይ ቀጣዩን ጊዜ አትፈራውም።

ይህ መንገድ ፈጣን ነው፤ ለጀማሪም ቀላል ነው። ወጥመድም አለበት። ምግቡን እያሳየን ከምትደፍረው በላይ ጎትተን ልናመጣት እንችላለን። ዓይኗን ከፍሬው ላይ ሳትነቅል ትመጣለች፤ ከዚያ ድንገት የት እንዳለች ስታይ ትበረግጋለች። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ከሆነ ፍሬው ራሱ የወጥመድ ምልክት ይሆናል። ስለዚህ ቀስ በቀስ ምግቡን ከፊቷ አንሱት። መጀመሪያ ሥራ፣ ቀጥሎ ምግብ ይሁን። ወደዚያ የሚያሻግረን ቀጣዩ መንገድ ነው።

ዘንግ ማስነካት

እኔ በጣም የማምንበት ይህኛውን ነው። ነገሩ ቀላል ነው። ቀጭን ዘንግ ይዛችሁ ታቀርቡላታላችሁ፤ ቾፕስቲክ ይበቃል። ጫፉን በምንቃሯ ስትነካ አንድ አጭር ድምፅ ታሰማላችሁ። ክሊከር የሚባለው ትንሽ ቀጭ የሚል መሣሪያ ሊሆን ይችላል፤ በምላስ ቀጭ ማድረግም ይሆናል፤ «ጎበዝ!» ማለትም ይሆናል። ወዲያው ሽልማቷን ትሰጣላችሁ። ድምፁ ልክ በነካችበት ቅጽበት መሆን አለበት። «ያገኘሽው ለዚህ ነው» ብሎ የሚነግራት እሱ ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከቤተ ሙከራ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር እንስሳት ጥሩ ውጤት ያገኙበትን ነገር ደጋግመው እንደሚያደርጉ በእርግቦችና በአይጦች አሳይቷል። ተማሪዎቹ የነበሩት ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ ዕውቀቱን ይዘው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. እንስሳትን ወደ ማሠልጠን ሥራ ገቡ። ዶሮዎችን ጨምሮ ብዙ ዓይነት እንስሳ አሠልጥነዋል።

ለድንጉጥ ወፍ ለምን ይሻላል? አንደኛ፣ እጅ ከጨዋታው ውጭ ነው። የዘንጉ ርዝመት በእናንተና በእሷ መካከል ያለ ርቀት ነው፤ መጀመሪያ ረጅም፣ እየቆየ አጭር። ሁለተኛ፣ ሥራ አላት። በፍርሃት ላይ ብቻ የነበረው አእምሮዋ አንድ ጥያቄ ላይ ይጠመዳል፤ «ቀጭ እንዲል ምን ላድርግ?» ሦስተኛውና ለእኔ ዋናው፣ አልፈልግም ማለት ትችላለች። ዘንጉን ካልነካች ምንም አይደርስባትም። ሽልማቷን ታጣለች እንጂ አትቀጣም። እምቢ ማለት እንደምትችል ያወቀች ወፍ እሺ ለማለት ትደፍራለች።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። ዘንጉን ራሱን ከፈራች ለጥቂት ቀናት ከኬጁ አጠገብ አስቀምጡት። ከዚያ ከሽቦው ውጭ አሳዩአት። መጀመሪያ ብታየው ብቻ ሸልሟት። ቀጥሎ ወደ እሱ አንገቷን ብትሰብቅ፣ ከዚያ ብትነካው። ዘንጉን ብታኝከውም ግድ የለም፤ ገና ዓይኗን ስትጥልበት የነበረች ወፍ ማኘክ መጀመሯ ድፍረት ነው። መንካት ስትለምድ አንድ እርምጃ እንድትራመድ ዘንጉን ትንሽ አርቁት። ከዚያ ሁለት። በአንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል። ገና ስትፈልግ አቁሙ።

ወደ እጅ የምታሸጋግሯት በዚሁ ዘንግ ነው። እጃችሁን በመንገዷ ላይ እንደ ድልድይ አስቀምጡት። አይንቀሳቀስ። ዘንጉን ከእጃችሁ ወዲያ ያዙት። ልትነካው ስትል መጀመሪያ አንድ እግሯ እጃችሁን ይረግጣል። እንድታቋርጥ ፍቀዱላት። እጃችሁ ላይ ማቆየት የኋላ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሥራ የሚያበላሽ ነገር አለ። የበቀቀን ወገን አዲስ ነገር ላይ ከመቆሟ በፊት በምንቃሯ ትፈትሸዋለች። ቅርንጫፉ ይሸከመኛል ወይ ብላ ነው። ምንቃሯን ስትዘረጋ ነከሰችኝ ብለን እጃችንን እንነጥቃለን። በዚያች ቅጽበት ሁለት ነገር ተማረች። አንደኛ፣ ይህ ቅርንጫፍ የሚታመን አይደለም። ሁለተኛ፣ ምንቃር ብዘረጋ እጅ ይሄዳል። ሁለተኛው ነው እውነተኛ ነካሽ የሚያደርጋት። ልዩነቱን ለማወቅ አንገቷን እዩ። ለመፈተሽ የምትመጣ ምንቃር ቀስ ብላ፣ ለስለስ ብላ ትደርሳለች። ለመንከስ ያሰበች ወፍ መጀመሪያ ወደኋላ ትሰበሰባለች፤ ላባዋ ይጣበቃል፤ ከዚያ ነው የምትወነጨፈው። ያንን ካያችሁ ቀድማችሁ በእርጋታ ራቁ።

የዘንጉ መንገድ ጉድለት የለውም አልልም። ሰዓቱን የጠበቀ ሰው ይፈልጋል። ድምፁ ከዘገየ ወፏ ትደናገራለች። ቤተሰቡ ሁሉ በየፊናው ከሞከረ ይበላሻል፤ በመጀመሪያው ወቅት አንድ ሰው ብቻ ቢሠራ ይሻላል። ትርፉ ግን ከማልመድ ያልፋል። ዘንግ የምትከተል ወፍን ወደ ኬጇ፣ ወደ መያዣ ሳጥን፣ ወደ ሚዛን ሳትነኳት ትወስዷታላችሁ።

በግድ ይዞ ማልመድ

ሐሳቡ ይህ ነው፦ በፎጣ ትይዟታላችሁ፣ መታገል እስክታቆም አትለቋትም፤ ከዚያ «ለመደች» ይባላል። እውነት ነው፣ መታገል ታቆማለች። ጥያቄው ለምን የሚለው ነው።

በ1967 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር በውሾች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ማምለጥ እንደማይችሉ ከተማሩት እንስሳት አብዛኞቹ በኋላ መንገዱ ሲከፈትላቸው እንኳ ለማምለጥ እንደማይሞክሩ አሳይተዋል። ተስፋ መቁረጥን ተምረዋል ማለት ነው። በፎጣ ውስጥ ዝም ያለች ወፍም ብዙውን ጊዜ የምታሳየን ይህንኑ ነው። ፈጥኖ ስለሚታይ ያታልላል። የሚከፈለው በኋላ ነው። አንዳንዷ ነካሽ ትሆናለች። አንዳንዷ እጅ ባየች ቁጥር ትፈዛለች። ላባዋን የምትነጭም አለች።

አካላዊ አደጋም አለው። ወፍ እንደ እኛ ድያፍራም (ከሳንባ በታች ያለ የመተንፈሻ ጡንቻ) የላትም። የምትተነፍሰው የደረት አጥንቷን ወደፊትና ወደኋላ በማንቀሳቀስ ነው። ደረቷ ከተጨበጠ አየር አታገኝም። አፍንጫዋ ክፍት ቢሆንም ልትታፈን ትችላለች።

ፎጣ ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። መድኃኒት መስጠት፣ ጥፍር የተያዘባትን ማስለቀቅ፣ ከአደጋ ማዳን ሲያስፈልግ መያዝ የግድ ነው። ያኔ ጭንቅላቷን በሁለት ጎን በእርጋታ ያዙ፣ ደረቷን ነጻ ተዉ፣ ቶሎ ጨርሱ። አስቀድማችሁ ፎጣውን ራሱን ብታለማምዷት ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ሽልማቷን እዚያ ላይ በትኑላት።

ክንፍ መቁረጥ

እዚህ ላይ ጥሩ ሰዎች ይለያያሉ። የሚደግፉት በተከፈተ በር እንዳትጠፋ፣ ከመስኮት ጋር እንዳትጋጭ ይላሉ። ያደገ ላባ ሲቆረጥ አያምም፤ ላባ ስትቀይርም አዲሱ ይተካል። ገና በማደግ ላይ ያለ ላባ ግን በውስጡ ደም አለውና ቢቆረጥ ይደማል። ስለዚህ የሚቆርጠው የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት።

የደህንነቱን ጉዳይ እቀበላለሁ። በር የማይዘጋ ልጅ የሚበዛበት ቤት ለጊዜው ሊፈልገው ይችላል። ለማልመጃነት ግን አልቀበለውም። ድንጉጥ ወፍ ያላት መከላከያ መሸሽ ነው። እሱን ስትነጥቋት የሚቀራት ምንቃሯ ብቻ ነው። ከባድ ወፍ ደግሞ ክንፏ ሲቆረጥ እንደ ድንጋይ ትወድቅና ደረቷን ልትጎዳ ትችላለች። መብረር ሳትማር የተቆረጠች ጫጩት ሚዛንና ድፍረት ያንሳታል። በዚያ ላይ ቀላል ወፍ ተቆርጣም ቢሆን ውጭ ነፋስ ካገኛት ትነሳለች። ከመቀሱ በፊት ክፍሉን አስተካክሉ። መስኮቱን በመጋረጃ ሸፍኑ፣ የጣራ ማራገቢያውን አጥፉ፣ ውሃ የያዘ ክፍት ዕቃ አንሱ፣ ድመትና ውሻን አስወጡ።

ትንንሾቹ ምርጫዎች

ጣት ወይስ እንጨት? መልሱ በእናንተ ላይ ነው። ንክሻ የምትፈሩ ከሆነ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል፤ ወፏ ይህን ወዲያው ታያለች። ከሚንቀጠቀጥ ጣት የረጋ እንጨት ይሻላል። እሱ ላይ መውጣት ስትለምድ እጃችሁን በእንጨቱ ላይ ቀስ በቀስ ወደ እሷ አስጠጉ። ወፍራም ጓንት ግን አትልበሱ። ለወፏ አስፈሪ ነው፤ የኋላ ኋላም ጓንቱን እንጂ እጃችሁን አትለምድም።

ኬጅ ውስጥ ወይስ ውጭ? ለፈሪዋ ኬጁ መጠጊያዋ ስለሆነ በሩ ላይ መሥራት ጥሩ ነው። ቤቷን ለምትጠብቅ ላቭበርድ ግን ውጭ ይሻላል። ዘንግ ተከትላ መመለስ ሳትችል አትልቀቋት፤ በክፍሉ ዙሪያ ማሳደድ የሳምንታት ሥራ ያፈርሳል። የግድ መያዝ ካለባችሁ መብራቱን አጥፉ። በጨለማ አብዛኛውን ጊዜ አትበርም፤ በቀስታ ማንሳት ይቻላል።

አንድ ወይስ ሁለት? ብቻዋን ያለች ወፍ ቶሎ ትለምዳለች፣ ምክንያቱም ያሏት እናንተ ብቻ ናችሁ። ሁለት ከሆኑ እርስ በርስ ይበቃቃሉ። ቀኑን ሙሉ ቤት የማትውሉ ከሆነ ግን እኔ ሁለት እላለሁ። ብቸኝነት ለመንጋ ፍጡር ከባድ ነው፤ ለመልመድ የሚፈጀው ተጨማሪ ጊዜ ያን ያህል ዋጋ አይደለም። ከሁለቱ አንዷ ለማዳ ከሆነች ደግሞ ፈሪዋ እሷን እያየች ትደፍራለች። አዲሷን ግን ቢያንስ ለ30 ቀን በሌላ ክፍል አቆዩአት፤ በሽታ ይዛ ሊሆን ይችላል።

መንካት ሲጀመር አናቷና አንገቷ ይበቃሉ። ጀርባዋንና ከክንፏ ሥር መደባበስ በበቀቀኖች ዘንድ የመራቢያ ስሜት ይቀሰቅሳል፤ ቅናትና ንክሻ ያመጣል።

ታዲያ የእናንተዋ የትኛው ያስፈልጋታል?

በእጅ ያደገች ወጣት ኮካቲየል ካላችሁ አብሮ መቀመጡን በጥቂት ቀናት አሳጥራችሁ ወደ በእጅ መመገብ እለፉ። ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ እጅ ላይ ይወጣሉ። በወላጆቿ ያደገች ባጂ ከሆነች ሦስቱንም በቅደም ተከተል ሂዱ፤ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጃል። የምትናከስ ላቭበርድ ካላችሁ እጅ መመገቡን ዝለሉና በቀጥታ በዘንግ ጀምሩ፣ ከኬጁ ውጭ። ከሌላ ቤት የመጣች ትልቅ በቀቀን ከሆነች የመጀመሪያውን ደረጃ ከምታስቡት በላይ አርዝሙት። ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። ግራጫ በቀቀን ከሆነች ዘንጉን ከማቅረባችሁ በፊት ክፍሉ ውስጥ በሩቅ ይታይ።

ወደኋላ መመለስም አለ። ላባ ስትቀይር ቆዳዋ ስለሚያሳክካት ብስጩ ትሆናለች። ቤት ስትቀይሩ፣ እንግዳ ሲበዛ፣ ሌሊት በርግጋ ስታድር ትናንት የወጣችበትን እጅ ዛሬ ልትሸሽ ትችላለች። ኮካቲየሎች በጨለማ ድንገት የመርበትበት ጠባይ አላቸው፤ ደብዛዛ መብራት ይረዳቸዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ተቀብላችሁ አንድ ደረጃ ውረዱ። የተማረችው ስላልጠፋ ከመጀመሪያው በፈጠነ ጊዜ ትመለሳለች።

ለረጅም ጊዜ ሠርታችሁ ምንም ለውጥ ከሌለ ደግሞ ዘዴውን ከመቀየራችሁ በፊት ዙሪያዋን ፈትሹ። በየሌሊቱ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያህል ጸጥ ባለ ጨለማ ትተኛለች? ከመስኮቱ ውጭ ድመት ወይም ጭልፊት ይታያታል? እናንተ በሌላችሁበት ኬጁን የሚነቀንቅ ልጅ አለ? ይህ ሁሉ ከሌለ ወፎችን የሚያውቅ ሐኪም ይያት፤ የተደበቀ ሕመም ያለባት ወፍ የትኛውም መንገድ አያለምዳትም።